በአባቴ ስም የተለካ ዱላ

ጥቅምት 3 (ያልተላከ)

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ባሕር ማዶ ይድረስዎ። ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልዎ። ይህን ምርቃት ያስቀደምኩት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ ለምጽፈው ጽናት ያስፈልግዎታል።

አባቴ፣ ታላቅ ወንድምዎ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አረፈ። ሳንባው ነው ብለውናል። ሰኞ ጎልፍ ሜዳው ላይ ሲያስተምር ውሎ መጣ፤ ማክሰኞ ተኛ፤ በሚቀጥለው ሰኞ አልነበረም። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ከደብዳቤ ሌላ መንገድ የለንም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀውን እርስዎ ሳያውቁት አንድ ቀን እንዲያድሩ አልፈልግም።

ሌላም አለ። የሜዳው ሥራ አስኪያጅ የአባቴን ዱላዎች ከነቦርሳቸው ቆልፎባቸዋል፤ «የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናቸው» አለ። የአሰልጣኝነቱን ቦታ ለማግኘት መጋቢት 15 ፈተና አለ። ዱላ ራሱ ይዞ መጥቶ ሜዳውን ከሁሉ ባነሰ ምት የጨረሰ ይቀጠራል። ልመዘገብ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።

«አንቺማ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ምን በወጣሽ ሣር ላይ ትንከራተቻለሽ? ቢሮ ፈልጊ።»

«ምዝገባው ለማንም ክፍት ነው ይላል» አልኩት።

«ይላል። ዱላ አለሽ?»

የብረቶቹ ዱላዎች አሉኝ። የሌለኝ ለረጅሙ ምት የሚሆነው ድራይቨርና ከሣር ላይ ለሩቅ የሚመቱት ሁለቱ ፌርዌይ ውዶች ናቸው። በሐዘን ላይ ጥያቄ መደረቤን ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ያስተማረኝን ሥራ ሌላ ሰው ሲወስደው ቆሜ ማየት አልችልም።

የወንድምዎ ልጅ

*ይህን ደብዳቤ ትልቋ አክስቴ እትዬ፣ የአባቴም የአጎቴም እኅት፣ ከፖስታው አውጥታ አነበበችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «መርዶ በወረቀት ይላካል እንዴ? ልቡ በመድኃኒት የምትሠራ ሰው ነው። ውኃ የሚያቀብለው ሰው በሌለበት ልትገድዪው ነው?» አለችኝ። «ታዲያ ማን ይንገረው?» አልኩ። «ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ፣ ሄዶ አስቀምጦ ይነግረዋል።» «እስከዚያስ?» «እስከዚያ አባትሽ ደህና ነው። ዱላውን ከፈለግሽ ደግሞ ለአባትሽ ብለሽ ጠይቂ፤ ቃል የገባው ለእሱ ነው።»*

ጥቅምት 9

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ልብዎስ? እኛ ደህና ነን። አባቴም ደህና ነው።

ለአባቴ በእጅዎ የሠሩትን ድራይቨር ሊልኩለት ቃል ገብተው ነበር። ጊዜው አሁን ይመስለኛል። ከእሱ ጋር ሁለት ፌርዌይ ውድ ቢጨመርበት መልካም ነው። የሜዳው ጨዋታ መጋቢት 15 ስለሆነ ከዚያ በፊት ቢደርስ።

እትዬ ሰላም ብላለች። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነው የምጽፈው።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 12

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለግትሬ፤

እንዴት ከርመሻል? እትዬስ? ወንድም ጋሼስ? ሦስታችሁንም ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ዱላ ከምሠራበት ሱቅ ሥር ባለችው ክፍሌ ሙጫ እያሸተትኩ አለሁ። ልቤም ትመታለች፤ ድሮስ ሥራዋ ምን ሆነና።

ወንድም ጋሼ ድራይቨር ጠየቀ? ያ ኩሩ ሰውዬ? «ኳስ የምትሄደው በወገብ እንጂ በገበያ ዕቃ አይደለም» እያለ ሲያስቅብኝ የኖረ! እንግዲህ እጁን ሰጠ ማለት ነው። እሰይ።

እዚህ ሰው ድራይቨር የሚመርጠው እንደ ጫማ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ያነሳል። ባለፈው አንዱ የባንክ ሰው ስምንት ዲግሪ ካልሆነ ብሎ ቀወጠው። ዲግሪው የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚጋደልበት ልክ ነው፤ ሲያንስ ኳሷ ዝቅ ብላ ትበራለች፤ የሚመቸውም ክንደ ብርቱ ለሆነ ነው። የእሱ ብርታት አፉ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሠራሁለትና ቁጥሩን በጥቁር ቀለም አጠፋሁበት። በማግሥቱ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ስምንት ማለት ይህ ነው!» አለኝ። እኔም ሒሳቤን ተቀበልኩ።

እንደ ጫማም ቢሆን ግን ሳይለካ አይሠራም። ወንድም ጋሼን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ እጁን ልቅቅ ያድርግ፤ ከእጅ አንጓው እስከ ወለሉ ለኪልኝ። መዳፉንም ከአንጓው እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ። የዘንጉ ርዝመትና የመያዣው ውፍረት በዚያ ነው የሚወሰነው።

ከደብዳቤው ግርጌ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። እጁ ዱላ ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው?

አጎትሽ

ታኅሣሥ 2

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ በደህና ደረሰ። እድሜና ጤና ይስጥልን። የባንኩን ሰው ነገር ለእትዬ አንብቤላት ሳቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከእጅ አንጓ እስከ ወለል ሰማንያ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። መዳፉ አሥራ ሰባት ተኩል። የለካችው እትዬ ናት፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አባቴ ግርጌው ላይ አልጻፈም። አሁን አጠገቤ የለም። ሳሉ ግን ትቶታል።

ዱላዎቹ መቼ ይላካሉ?

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 6

ለግትሬ፤

በሰላም ነው ያላችሁት? እኔ ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ተከራይቷል፤ ሌላ ደህና ነኝ።

ሰማንያ ሦስት ብለሽ ጻፍሽልኝ። ወንድም ጋሼ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። እድሜ ሰውን ያሳጥራል ይላሉ፤ መቼስ እኔም አጥሬያለሁ። እሺ፤ ሰማንያ ሦስት ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ስለ ፌርዌይ ውዶቹ ልምከራችሁ። ሰው ሁሉ ባለሦስት ቁጥሩን ይወዳል፤ ስለሚያስከብር። ከሣር ላይ ግን ኳሷን የሚያነሣበት ከስንት አንድ ነው፤ ሌላው መሬት ለመሬት ያንከባልላታል። ባለአምስቱንና ባለሰባቱን ውሰዱ። ፊታቸው ጋደል፣ ዘንጋቸው አጠር ያለ ነው፤ ኳሷ ሽቅብ ወጥታ ለስለስ ብላ ትወርዳለች፣ ውኃም ታሻግራለች። ድራይቨሩንም ዘንጉን ከሱቁ ልክ ሁለት ጣት አሳጥርላችኋለሁ። ረጅም ዘንግ የሚረዝመው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሜዳ ላይ ጫካ ለጫካ ያስኬዳል።

አሁን ደግሞ ምቱን ማየት አለብኝ። ባገኛችሁት ድራይቨር ፊት ላይ ፓውደር ነስንሱና አሥር ኳስ ይምታ። እያንዳንዷ ኳስ የነካችበት ቦታ ምልክት ትተዋለች። የፊቱን ቅርጽ ወረቀት ላይ ንደፊና ምልክቶቹን እንዳሉ አድርጊልኝ። እንዳታሳምሪ።

አጎትሽ

ጥር 25

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ንድፉ ከዚህ ጋር አለ። ምቱ የተመታው ከከተማው ዳር ባለ መለማመጃ፣ በኪራይ ድራይቨር ነው። ዱላው ከበሩ አይወጣም፤ ቢወጣ ኖሮ ባላስቸገርኩዎ።

ሰባቱ ምልክቶች መሐል፣ ትንሽ ወደ ላይ ናቸው፤ በአንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ። ሦስቱ ወደ ጫፍ ሸሽተዋል። እነዚያ የተመቱት ሥራ አስኪያጁ ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ አጠገብ ቆሞ ሳለ ነው። ንዴት ኳስን ወደ ጫፍ ይወስዳታል፤ ይህን ከአባቴ ተምሬዋለሁ።

አጎቴ፣ ርዝመቱን ላክሁ፤ መዳፉን ላክሁ፤ ምቱን ላክሁ። ከዚህ በላይ ምን ይቀራል? ፖስታው ከእናንተ ዘንድ ተነሥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቃሉ። ቀኑ እየተቃረበ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 14

ለግትሬ፤

እንደምን አላችሁ? ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም።

ንድፍሽን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ ጊዜ አየሁት። ወንድም ጋሼ ጉልበቱን ከተሰበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚመታው በዱላው ተረከዝ በኩል ነው፤ ወደ ዘንጉ ተጠግቶ። እነዚህ መሐል ናቸው። ምናልባት ጉልበቱ ተሽሎታል። ተሽሎታል?

ሁለት የድራይቨር ራሶች አስቀርቻለሁ። አንደኛው መሬት ላይ ስታስቀምጪው ፊቱ ትንሽ ወደ ግራ ያያል፤ ኳስ ወደ ቀኝ ለምትታጠፍበት ሰው ደግ ነው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ያያል፤ ምሕረት የለውም። አንቺ አትምረጪለት። ጠይቂውና የሚመልስልሽን ቃል ሳታቃኚ ጻፊልኝ። ቢሰድበኝም ስድቡን ጻፊው። ቃሉ ከመጣልኝ በሳምንቱ እልካለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 27

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ነው የመጣልዎ። ውጪኛው ለሱቁ ባለቤት የተጻፈ ነው፤ በቋንቋቸው ጽፌላቸዋለሁ። ወንበር ስበው እንዲያስቀምጡዎ፣ መድኃኒትዎ በእጅዎ መሆኑን እንዲያዩ፣ አንብበው እስኪጨርሱ ከአጠገብዎ እንዳይለዩ ለምኜአቸዋለሁ። አሁን እሳቸው ከአጠገብዎ ካሉ ያንብቡ።

የአባቴን ቃል ጠየቁኝ። ቃል የለውም። አባቴ ሞቷል። የሞተው መስከረም ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ በፊት። ክንዱ የእኔ ክንድ ነው፤ መዳፉ የእኔ መዳፍ ነው፤ አሥሩንም ኳስ የመታሁት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ የታመመው ሳንባውን ነበር። ሳሉ ትቶታል ስልዎ ውሸት አልጻፍኩም፤ እውነቱን ስጽፍ ግን እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እትዬ ደብዳቤዎን ስትሰማ፣ «ቀጥ ያለውን ነው የሚወደው ብለሽ ጻፊለት፤ ምን ይጎዳል? ዱላሽም ይመጣልሻል» አለችኝ።

«ይህንንስ አላደርገውም» አልኳት።

«እስከ ዛሬ ስታደርጊው የነበረው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ልኬን በስሙ ሰጥቻለሁ። ሕይወት አልባ አፉን ከፍቼ ግን ቃል አልጨምርበትም። ዝምታው የራሱ ነው።»

«አንቺ እንደ አባትሽ ድንጋይ ነሽ።»

«ድንጋይ ካልሆንኩ ምን ትሆኛለሽ? ሁላችሁም በእኔ ላይ ነው የምትደገፉት።» ተናግሬ ስጨርስ ደንግጬ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችኝም። ሜትሩን ከመሳቢያ አውጥታ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

እሷን አይቀየሟት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስትጠብቅ ነበር፤ የሚሄድ አልተገኘም። እኔንም አይቀየሙኝ ብዬ ግን አልለምንዎትም። ያንን የእርስዎ ልብ ይፍረድ። መጀመሪያውኑ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ እትዬ ደብዳቤዬን ከፖስታው አወጣችብኝ።

እውነቱ ይህ ነው፦ የአባቴን ቦታ ለመያዝ ፈተና አለብኝ፤ ዱላዎቹ የሚያስፈልጉት ለእኔ ነው። ሊልኩልኝ ከፈቀዱ ቀጥ ብሎ የሚያየውን ይላኩልኝ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ በስሜ ይመዝገብልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 17

ለማከብርዎ አጎቴ፤

በጤናዎ ላይ ክፉ እንዳልደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ። መልስ አልመጣም። ዱላም አልመጣም። ፈተናው ከትናንት ወዲያ ነበር።

በብረት ዱላዎቼ ብቻ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ቦርሳዬን በዓይኑ ዳበሰው።

«ድራይቨርሽስ?»

«የለኝም።»

«ሳትታጠቂ ጦርነት?»

«የታጠቁትን ማን እንዳስታጠቃቸው ስለማውቅ ነው» አልኩት። ከተፈታኞቹ አንዱ የአባቴን ቦርሳ ተሸክሞ ነበር። አባቴ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ በውሰት እንደወሰደው ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ጫማውን ነበር የሚያየው።

በአጫጭሮቹ ጉድጓዶች ላይ መራሁ። ረጅሞቹ ላይ ሌሎቹ በሁለት ምት የሚደርሱበት እኔ በሦስት ደረስኩ። የመጨረሻው ላይ ከኩሬው ማዶ ለመድረስ ባለአምስቱ ፌርዌይ ውድ በቂ ነበር። በእኔ እጅ ያለው ረጅሙ ብረት ነው። ዞሬ መሄድ እችል ነበር፤ ብዞር ግን እሸነፋለሁ። ስለዚህ መታሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የመታሁት፣ አጎቴ። ኳሷ ከዳሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ውኃው ውስጥ ገባች።

የአባቴ ተማሪ በአባቴ ዱላ ቦታውን ወሰደ።

ያሉበትን ብቻ ያሳውቁኝ። እትዬ እንቅልፍ የላትም። «ገደልነው» ትላለች።

የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 3

ልጄ፤

አልሞትኩም። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል አስተኝተውኝ ነበር፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያጣላኝ ነገር በዝቶ እንጂ ልቤ እንኳ አልቆመችም። የሱቁ ባለቤት እንዳልሽው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ቋንቋችንን አያውቅም፤ ደብዳቤውን እስክጨርስ ክንዴን ይዞ ቆመ። ለእትዬ አልገደላችሁኝም በያት።

ልጄ፣ ከደብዳቤሽ በፊት አውቄ ነበር። እድሜዬን የፈጀሁት የሰው ክንድ ስለካ ነው። ሰማንያ ሦስትን ሳነብ ይህ ክንድ የወንድሜ እንዳልሆነ ገባኝ። እድሜ ወገብን ያጎብጣል እንጂ ሰውን በዚያ ልክ አያሳጥርም። የማን እንደሆነም ያኔውኑ ጠረጠርኩ፤ ምልክቶቹን ሳይ ደግሞ አረጋገጥኩ። ንዴት ያለበት፣ ወጣት፣ እሱ ያስተማረው እጅ።

ድራይቨሩና ሁለቱ ፌርዌይ ውዶች ጥር ላይ አልቀዋል። በአንቺ ልክ። የድራይቨሩም ራስ ቀጥ ብሎ የሚያየው ነው፤ ሳልጠይቅሽ ነው የመረጥኩት። ክፍሌ ጥግ በጨርቅ ተጠቅልለው ቆመዋል። ሳጥኑ ላይ የተቀባይ ስም መጻፍ ነበረብኝ፤ ብዕሩን ይዤ ቁጭ እልና እተወዋለሁ። የእሱን ስም ብጽፍ ውሸት ነው፤ የአንቺን ብጽፍ ወንድሜን ቀበርኩት። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ፈልጌ እጽፍልሻለሁ። መልስሽ እስኪመጣ ወንድሜ አንድ ወር ይቆይልኛል።

አንቺ ደግሞ በዚያ ወር ውስጥ ባዶ እጅሽን ቆመሻል። አንድ ክንድ ያልሽኝን አንብቤ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ያቺን አንድ ክንድ የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ለማለት ቃሉ አነሰኝ።

ሳጥኑ ተዘጋጅቷል። ስምሽንም ጽፌበታለሁ። በመጀመሪያው ፖስታ ልላከው?

አጎትሽ

ሚያዝያ 24

ለማከብርዎ አጎቴ፤

በሕይወት መኖርዎን ሳነብ መጀመሪያ አመሰገንኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ስለሆነ ደስ ይበልዎ።

ይቅርታዎን አልተቀበልኩም፤ አልመለስኩትምም። ሥራ አስኪያጁ ዱላ ቆለፈብኝ፤ እሱ ባዳ ነው፤ ከባዳ የሚጠበቅ ነው። እርስዎ ግን በእኔ ልክ የሠሩትን ሦስት ዱላ ጥግ አቁመው የአባቴን ጉልበት ይጠይቁኝ ነበር። እኔም የሞተ ሰው ደህና ነው እያልኩ እጽፍልዎ ነበር። የቱ እንደሚብስ ለመመዘን ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ዱላዎቹን አይላኩ። እዚህ የምመታበት ሜዳ የለም፤ አዲሱ አሰልጣኝ ተቀጥሯል፤ ቀጣይ ፈተና መኖሩንም ማንም አያውቅም። ከሌላ ከተማ ሜዳ ጠይቄያለሁ። እምቢ ቢሉኝ ሌላ እጠይቃለሁ። ያ የእኔ ጉዳይ ነው።

ደብዳቤዎን ለእትዬ አነበብኩላት። «አልገደላችሁኝም በያት» የሚለው ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከመስከረም ጀምሮ አልቅሳ አላየኋትም፤ ጠንካራ ናት ብዬ ነበር። ለካ ትንሹ ወንድሟ ሳይሰማ የትልቁን ለቅሶ መጀመር ከብዷት ነው። አሁን ጀመረች። ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ የልጅነታችሁን ነገር ታነሣለች፤ ከግንብ ስለወደቃችሁበት ቀን፣ ስለ አንድ ውሻ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አይደል?» ትለኛለች። እኔ አልነበርኩም። አላውቀውም። አዎ ማለት ሰልችቶኛል።

ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከፈቀዱልዎ ይምጡ፤ ዱላዎቹን ይዘውም ይሁን ሳይይዙ። ስለ አባቴ የማለቅሰው የራሴ አለኝ። የእሷን ልይዝላት አልችልም፤ እሷ የምትፈልገው ወንድም ነው።

የወንድምዎ ልጅ